የሒሳብ ሊቁ አንድሬይ ማርኮቭ

ባሱንዳ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ የሚገኝ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። በክረምት ወራት በዚያ የሚያልፍ የጭነት መኪና ነጂ መንታ መንገድ ላይ ደርሶ ሲያመነታ ቢታይ አያስደንቅም። ዋልካው ረጥቦ እንደ ሆነ በአቋራጩ የገባ መኪና ጎማው ሰምጦ ይቀራል፤ ደርቆ እንደ ሆነ ግን አቋራጩ ከዋናው መንገድ ይሻላል። ነጂው መሪውን ወደ አንዱ አቅጣጫ ከማዞሩ በፊት የሚመረምረው ከሦስት ቀን በፊት የት እንዳደረ ወይም ባለፈው ሳምንት ምን እንደ ጫነ አይደለም። የሚመረምረው አሁን የቆመበትን ስፍራ፣ የሰማዩን መልክ፣ የአፈሩን እርጥበት፣ የጭነቱን ክብደትና በሰልባትዮው የቀረውን ነዳጅ ነው። ያለፈው ጉዞ ለውሳኔው የሚጠቅመው በእነዚህ ነገሮች ላይ አሻራውን እስከ ተወ ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ያለው ሁኔታ በሚገባ ከታወቀ የነገውን ለመገመት የትናንቱን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም የሚለውን ይህን አስተሳሰብ በሒሳብ ቋንቋ አስተካክሎ ያስቀመጠው ሩሲያዊው ሊቅ አንድሬይ አንድሬየቪች ማርኮቭ ነበር። በዘመናችን ያለ ነጂ የሚጓዙ መኪናዎች መቼ መታጠፍ፣ መቼ ፍሬን መያዝ፣ መቼ ቅድሚያ መስጠት እንዳለባቸው የሚማሩበት አንዱ ዘዴ በዚህ ሰው ሐሳብ ላይ የታነጸ ነው። እሱ ግን ይህ ሁሉ እንደሚመጣ አላወቀም። ሐሳቡን ያፈለቀውም ስለ መኪና ሲጨነቅ ሳይሆን ስለ ሰው ልጅ ነፃ ፈቃድ በተነሣ የጦፈ ክርክር ምክንያት ነበር።

ማርኮቭ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1856 ራያዛን በምትባል የሩሲያ ከተማ ነው። (በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) አባቱ በመጀመሪያ በደን አስተዳደር መሥሪያ ቤት ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ በኋላም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፒተርስበርግ በመሄድ የአንዲት ባለርስት ወይዘሮ ንብረት አስተዳዳሪ ሆነ። ሕፃኑ አንድሬይ በጉልበቱ መገጣጠሚያ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ የሚያመጣው ሕመም አድሮበት ስለ ነበር ዐሥር ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሄደው በምርኩዝ ነው። እኩዮቹ ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ እሱ ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። ይሁን እንጂ ሕመሙ ከእግሩ አልፎ መንፈሱን ሊሰብረው አልቻለም።

ስለ ራያዛን ከተማ አንድ ነገር ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። በውሾች ላይ ባደረገው ምርምር ዓለም ያወቀው ኢቫን ፓቭሎቭ የተወለደው በዚችው ከተማ፣ ከማርኮቭ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በ1849 ነበር። ፓቭሎቭ እንስሳ አዲስ ልማድ እንዴት እንደሚያገኝ መረመረ። ማርኮቭ ደግሞ አንዱ ሁኔታ ሌላውን እየተከተለ የሚሄድበትን ሥርዓት በሒሳብ ገለጸ። ሁለቱ ጅረቶች ተገናኝተው አንድ ወንዝ የሆኑት ሁለቱም ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከሩሲያ በራቀ አገር ነው።

በትምህርት ቤት ማርኮቭ የተመሰገነ ተማሪ አልነበረም። ከሒሳብ በቀር በሌሎቹ ትምህርቶች ውጤቱ ደካማ ስለ ነበር መምህራኑ በተደጋጋሚ ይወቅሱት ነበር። ነገር ግን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን አንድ አዲስ ስልት ያገኘ መሰለውና ግኝቱን ጽፎ ለታወቁ የሒሳብ ሊቃውንት ላከ። ስልቱ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ተገኘ። ከመልስ ጸሐፊዎቹ መካከል ኮርኪንና ዞሎታሬቭ የተባሉት ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን ልጁን አላሳፈሩትም፤ ይልቁንም አበረታቱት። ማርኮቭ በ1874 ወደ ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ መምህራኑ ሆነው ያገኛቸው እነዚሁን ሰዎችና የዘመኑን ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ቼቢሼቭን ነበር። በ1878 ትምህርቱን ሲፈጽም በጥናቱ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ በ1884ም የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ።

የትዳሩም ታሪክ ከሒሳብ የራቀ አልነበረም። አባቱ ንብረቷን የሚያስተዳድርላት ባለርስት ማሪያ የምትባል ልጅ ነበረቻት። ማርኮቭ ለዚህች ልጅ ሒሳብ ያስጠናት ጀመር፤ ቆይቶም ለጋብቻ ጠየቃት። እናቲቱ ግን የአስተዳዳሪዋ ልጅ በቂ ደረጃ ላይ እስኪደርስ ድረስ ፈቃዷን አልሰጠችም። ወጣቱ መምህር ሆኖ ስሙ መታወቅ ከጀመረ በኋላ በ1883 ተጋቡ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1903 የተወለደው ልጃቸው የአባቱን ስም ይዞ፣ የአባቱንም ሙያ ተከትሎ ታዋቂ የሒሳብ ሊቅ ሆኗል።

ማርኮቭ በ1886 ለሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ተመረጠ፤ ዐሥር ዓመት ቆይቶም ሙሉ አባል ሆነ። ትምህርቱ ጥልቅ ስለ ነበር ለደካማ ተማሪ የሚቀመስ አልነበረም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፋቸው ቀመሮች በቅደም ተከተል መስፈራቸው አያስጨንቀውም፤ ስለ አለባበሱም ብዙ አይገደውም ነበር። ከሥራው ሲያርፍ ቼዝ መጫወት ይወድ ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት የሩሲያ ተጫዋቾች ሁሉ በላጭ ከነበረው ከቺጎሪን ጋርም ተጋጥሟል። በ1905 ከመደበኛ የመምህርነት ሥራው በጡረታ ቢሰናበትም የይሆናልነትን ትምህርት፣ ማለትም ፕሮባቢሊቲን፣ ማስተማሩን አላቋረጠም።

ባልንጀሮቹ ሁሉ የሚያውቁት ሌላ ጠባይ ነበረው፤ ይኸውም ትክክል አይደለም ብሎ ያመነበትን ነገር በዝምታ ማለፍ አለመቻሉ ነው። በዚህም የተነሣ ቁጡው አንድሬይ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። በ1902 ጸሐፊው ማክሲም ጎርኪ የአካዳሚው የክብር አባል ሆኖ ከተመረጠ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ስላልወደደው ምርጫው ሲሰረዝ፣ ማርኮቭ ተቃውሞውን በጽሑፍ አቀረበ። በ1908 በዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ዐመፅ በተነሣ ጊዜ መምህራን ተማሪዎቻቸውን እንዲቆጣጠሩ ትእዛዝ ቢወጣም፣ እሱ በማስተማሪያ ክፍሉ ውስጥ የመንግሥት ወኪል ሆኖ እንደማይሠራ ለሚኒስትሩ አስታወቀ። በ1901 ጸሐፊው ሌቭ ቶልስቶይ ከቤተ ክርስቲያን መለየቱንም ስላልተቀበለ፣ በ1912 እሱም እንዲሁ እንዲለይ በደብዳቤ ጠየቀ። በ1913 ቤተ መንግሥቱ የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት የተመሠረተበትን ሦስት መቶኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ማርኮቭ በበኩሉ አንድ የሒሳብ ሕግ በመጽሐፍ የወጣበት ሁለት መቶኛ ዓመት በአካዳሚው እንዲከበር አደረገ።

ያ ሕግ የብዙ ቁጥሮች ሕግ ይባላል። ያዕቆብ በርኑሊ የተባለው የስዊስ ሊቅ የደረሰበት ሲሆን መጽሐፉ የታተመው በ1713 ነበር። አንድ ሳንቲም ዐሥር ጊዜ ቢወረወር አንበሳው ሰባት ጊዜ፣ ወይም ሦስት ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ዐሥር ሺህ ጊዜ ቢወረወር ግን ውጤቱ ወደ እኩሌታው እጅግ የተጠጋ ይሆናል። ሕጉ በመጀመሪያ የተረጋገጠው አንዱ ውርወራ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ጉዳይ ነበር። ሳንቲሙ ቀደም ሲል በየትኛው ገጹ እንደ ወደቀ አያስታውስምና።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር የነበረውና አስቀድሞ የነገረ መለኮት ትምህርት የተማረው ፓቬል ነክራሶቭ፣ የብዙ ቁጥሮች ሕግ የሚሠራው ነገሮቹ አንዱ ከሌላው ነፃ ሲሆኑ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቀጥሎም፣ በየዓመቱ የሚመዘገቡት የሰዎች ድርጊቶች ብዛት ይህንኑ ሕግ ተከትሎ ስለሚገኝ የሰዎች ድርጊት እርስ በርሱ ነፃ መሆን አለበት፤ ስለዚህም የሰው ልጅ ነፃ ፈቃድ በሒሳብ ተረጋግጧል ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። ማርኮቭ ይህን ሲያነብ ተቆጣ። የተቆጣው ሰው ነፃ ፈቃድ አለው ስለ ተባለ ብቻ ሳይሆን፣ የሒሳቡ መሠረት ስሕተት ስለ ነበር ነው። በነክራሶቭ ላይ የሰነዘራቸው ነቀፋዎች አንዳንዶቹ ከልክ ያለፉ ነበሩ፤ ቁጣው ሁልጊዜ የሚያስመሰግነው አልነበረም። የዚህኛው ቁጣው ፍሬ ግን እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል።

ማርኮቭ ተቃዋሚውን ለመርታት የሚያስፈልገው አንድ ምሳሌ ብቻ ነበር። እርስ በርሳቸው የተያያዙ፣ ነፃ ያልሆኑ፣ ነገር ግን የብዙ ቁጥሮችን ሕግ የሚከተሉ ነገሮች መኖራቸውን ማሳየት ነበረበት። ይህንንም በ1906 በካዛን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ፈጸመው። እያንዳንዱ ነገር ከእሱ በፊት ከነበረው ከአንዱ ጋር ብቻ እንደ ሰንሰለት ቀለበት የተያያዘበትን ተርታ አሰበ፤ ሕጉም በዚህ ተርታ ላይ እንደሚሠራ አረጋገጠ። ይህ ተርታ ዛሬ የማርኮቭ ሰንሰለት በመባል ይታወቃል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ባሱንዳ ክረምት መመለስ ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል፣ በዘነበ ቀን ማግሥት ከዐሥር ስድስት ጊዜ ይዘንባል፤ ባልዘነበ ቀን ማግሥት ግን ከዐሥር ሁለት ጊዜ ብቻ ይዘንባል እንበል። ዛሬ ዘንቦ ከሆነ ነገ የመዝነቡ ይሆናልነት ከመቶ 60 ነው። የከነገ ወዲያውን ለማወቅ ሁለቱን መንገዶች መደመር ያስፈልጋል። ነገ ዘንቦ ከነገ ወዲያም የመዝነቡ ይሆናልነት ከመቶ 36፣ ነገ ሳይዘንብ ቀርቶ ከነገ ወዲያ የመዝነቡ ከመቶ 8፣ በድምሩ ከመቶ 44 ይሆናል። ስሌቱ በዚህ ዐይነት ቢቀጥል ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዶ ወደ ሢሶው ይደርስና በዚያ ይረጋል፤ ማለትም በረዥሙ ሲታሰብ ከሦስት ቀን አንዱ ዝናብ ይሆናል። መነሻው ቀን ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ መድረሻው ያው ነው። ቀኖቹ አንዱ ከአንዱ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሕጉ ግን ይሠራል። ነክራሶቭ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነበር።

ማርኮቭ በወረቀት ላይ ያረጋገጠውን በእውነተኛ ነገር ላይ ለመፈተን በፈለገ ጊዜ የመረጠው የሩሲያን ዝነኛ የግጥም ልብ ወለድ፣ የአሌክሳንደር ፑሽኪንን «ዩጂን ኦኔጂን» ነበር። ፑሽኪን ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። የእናቱ አያት አብራም ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ነበር፤ ትውልዱ ከሐበሻ ምድር ነው የሚለው ነገር በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር የኖረ ሲሆን የታሪክ ጸሐፊዎችን ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ባለቅኔው በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ አደባባይ አለው።

ማርኮቭ ከግጥሙ መጀመሪያ አንሥቶ 20,000 ፊደላትን ጻፈ፤ በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታና ሥርዓተ ነጥቡን ተወ። ፊደላቱን መቶ መቶ እያደረገ በዐሥር ረድፍና በዐሥር ዐምድ አሰፈራቸው። ከዚያም በእጁ መቁጠር ጀመረ። ይህ ሁሉ ሥራ ያለ አንዳች የሒሳብ መኪና እርዳታ የተደረገ ነው። ውጤቱም 8,638 አናባቢና 11,362 ተነባቢ ሆነ። ፊደላቱ አንዱ ከሌላው ነፃ ቢሆኑ ኖሮ ከማንኛውም ፊደል በኋላ አናባቢ የመገኘቱ ይሆናልነት ከመቶ 43 ያህል በሆነ ነበር። ቆጠራው ያሳየው ግን ሌላ ነው። ከአናባቢ በኋላ ሌላ አናባቢ የተገኘው ከመቶ 13 ጊዜ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከተነባቢ በኋላ አናባቢ የተገኘው ከመቶ 66 ጊዜ ነው። በሰው እጅ የተጻፈ፣ በውበቱ የተደነቀ ግጥም በውስጡ ሰንሰለት ይዞ ተገኘ። (በእኛ ጽሕፈት እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ በአማርኛ ድርሰት ላይ እንዲህ ያለ ቆጠራ ለማድረግ የሚሻ ሰው በቅድሚያ ሆሄዎቹን መፍታት ይኖርበታል።)

ማርኮቭ የዚህን ቆጠራ ውጤት በ1913 ለአካዳሚው አቀረበ። ቀጥሎም ሰርጌይ አክሳኮቭ ከጻፈው የልጅነት ትዝታ 100,000 ፊደላትን ቆጠረ። ሰንሰለቱ ከፊደል ቆጠራ ውጭ ለሌላ ተግባር ይውላል ብሎ ግን አልሠራበትም። ለእሱ ዋናው ነገር የሒሳቡ እውነትነት ነበር።

በ1917 ሩሲያ በጦርነትና በአብዮት በምትናወጥበት ጊዜ፣ ማርኮቭ ስድሳ አንድ ዓመት ሆኖት ሳለ ከዋና ከተማው ወደ ውስጥ አገር እንዲሄድ እንዲፈቀድለት አካዳሚውን ጠየቀ። የሄደው ዛራይስክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ረኃብ በጸናበት በዚያ ዘመን፣ በአውሮፓ የሳይንስ ማኅበራት ዘንድ ስሙ የተከበረው ሊቅ፣ በከተማይቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ደመወዝ ሒሳብ አስተማረ። ከዚያ ወደ ፔትሮግራድ ሲመለስ ዐይኑ ታሞ ስለ ነበር ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ጤንነቱ እየደከመ ቢሄድም እስከ 1921 ድረስ፣ ለመቆም እየተቸገረም ቢሆን፣ የይሆናልነትን ትምህርት ማስተማሩን ቀጠለ።

በዚያው በ1921 ለአካዳሚው የላከው አንድ ደብዳቤ የዘመኑን ችግር ያሳያል። የሚጫማው ጫማ ስለሌለው ወደ ስብሰባ መምጣት እንደማይችል አስታወቀ። አካዳሚው ጫማ አስፈልጎ ሰደደለት። ማርኮቭ ግን ማርኮቭ ነውና፣ የተላከለት ጫማ ስፌቱ የማይረባ ከመሆኑም በላይ በልኩ እንዳልተሠራ በሌላ ደብዳቤ ገለጸ። በልጅነቱ በምርኩዝ የሄደው እግር በስተርጅናውም አላረፈም። ሐምሌ 20 ቀን 1922 በፔትሮግራድ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ሰንሰለቱ ግን ጉዞውን ቀጠለ። ሠላሳ ዓመታት ያህል ካለፉ በኋላ ሪቻርድ ቤልማን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በማርኮቭ ሰንሰለት ላይ አንድ አዲስ ነገር ጨመረበት፤ ይኸውም ውሳኔ ነው። የማርኮቭ ዝናብ ሰው ሳይጠይቅ ይዘንባል። የመኪና ነጂ ግን በእያንዳንዱ ሁኔታ ላይ አንድ ድርጊት ይመርጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ሁኔታ በመረጠው ድርጊት ላይ ይወሰናል። ለእያንዳንዱም ድርጊት ጥቅም ወይም ጉዳት ይከተላል። ቤልማን ስለዚሁ ጉዳይ በ1957 ጽሑፍ አወጣ፤ ስሌቱም የማርኮቭ ውሳኔ ሂደት የሚለውን ስም አገኘ። የአንድ ሁኔታ ዋጋ የሚታወቀው አሁን በሚያስገኘው ጥቅም ብቻ ሳይሆን፣ ከእሱ ቀጥሎ በሚመጡት ሁኔታዎች ዋጋ ጭምር መሆኑን በአንድ ቀመር አጠቃለለው። በባሱንዳ መንታ መንገድ ላይ የቆመው ነጂ አቋራጩ አጭር ስለ ሆነ ብቻ እንደማይመርጠው፣ ከአቋራጩ ማዶ የሚጠብቀውንም ወንዝ እንደሚያስብ ማለት ነው።

የቤልማን ስሌት አንድ ችግር ነበረበት። እያንዳንዱ ድርጊት ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ እንዲታወቅ ይጠይቃል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ነጂ ምን ያድርግ? መልሱ የተገኘው ከእንስሳት ትምህርት ነው። ፓቭሎቭ በፒተርስበርግ ውሾችን ሲመረምር፣ በኒው ዮርክ ደግሞ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ድመቶችን በሣጥን እየዘጋ ከዚያ ለመውጣት እንዴት እንደሚማሩ አጥንቶ ነበር። ድመቷ በመጀመሪያ ያገኘችውን ሁሉ ትቧጭራለች፤ በአጋጣሚ መክፈቻውን ነክታ ከወጣችና ምግብ ካገኘች ያ ድርጊት ይጸናባታል። ከ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ አንድሩ ባርቶና ተማሪው ሪቻርድ ሰተን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ይህን የእንስሳት አማማር ከማርኮቭና ከቤልማን ሒሳብ ጋር አዋሐዱት። በሽልማትና በቅጣት መማር ሊባል የሚችለው ይህ ዘዴ፣ ኮምፒዩተር ራሱ እየሞከረ፣ ከስሕተቱም እየተማረ የሚበጀውን ድርጊት እንዲያገኝ ያደርጋል። ሁለቱ ሊቃውንት ለዚህ ሥራቸው በኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ማግኘታቸው በመጋቢት 2025 ተነገረ።

መኪና በዚህ ዘዴ ሲማር ሁኔታው የመንገዱ መልክ፣ የራሱ ፍጥነትና በዙሪያው ያሉት ሰዎችና ተሽከርካሪዎች አኳኋን ነው። ድርጊቱ መሪ ማዞር፣ ነዳጅ መስጠት ወይም ፍሬን መያዝ ነው። በሰላም ወደፊት ሲሄድ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከመንገድ ሲወጣ ወይም ሲጋጭ ነጥብ ይቀነስበታል። በ1898ቱ ሣጥን ውስጥ የድመቷ ስሕተት ማንንም አይጎዳም ነበር። የመኪና ስሕተት ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ አብዛኛው ልምምድ የሚደረገው በኮምፒዩተር በተፈጠረ ሐሳባዊ መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ መኪናው ሺህ ጊዜ ቢጋጭ የሚደማ የለም። ሆኖም በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የተቋቋመው ዌይቭ የተባለው ድርጅት በ2018 አንዲት መኪና በእውነተኛ መንገድ ላይ መስመሯን ጠብቃ መሄድን ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ እንድትማር አድርጓል። ሽልማቷ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው መሪውን እስኪቀማት ድረስ የተጓዘችው ርቀት ነበር። ዛሬ በአንዳንድ ከተሞች መንገደኛ የሚያመላልሱት ነጂ አልባ መኪናዎች ውሳኔያቸውን ሁሉ በዚህ ዘዴ ብቻ የሚማሩ አይደሉም፤ የሰዎችን አነዳድ በመቅዳትና መሐንዲሶች በጻፉት ደንብም ጭምር ይሠራሉ።

በማርኮቭ ሐሳብ ውስጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነጥብ አለ። ያለፈው ሊተው የሚችለው፣ አሁን የሚባለው ሁኔታ ከያለፈው የሚያስፈልገውን ሁሉ የያዘ ሲሆን ብቻ ነው። መጋቢት 18 ቀን 2018 ሌሊት በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት፣ በቴምፒ ከተማ በሙከራ ላይ የነበረች ራሷን የምትነዳ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ አንዲት ሴት ገጭታ ገደለች። በመሪው ኋላ የተቀመጠው ሰው መንገዱን እየተመለከተ አልነበረም። በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ መኪናዋ ከግጭቱ 5.6 ሴኮንድ ቀደም ብላ ሴትዮዋን እንዳየቻት ታወቀ። ነገር ግን የታየው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመለየት ተቸግራ፣ አንድ ጊዜ መኪና፣ አንድ ጊዜ ብስክሌት፣ አንድ ጊዜም ያልታወቀ ነገር እያለች ፍርዷን ትለዋውጥ ነበር። ፍርዷን በለወጠች ቁጥርም ያ ነገር ቀደም ሲል ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደ መጣ የሚያሳየውን መረጃ ትጥል ስለ ነበር፣ ሴትዮዋ ወደ ፊቷ እየመጣች መሆኑን በጊዜው ልትገምት አልቻለችም።

እንዲህ ላለው ችግር መሐንዲሶች የሚሰጡት መፍትሔ ሰንሰለቱን መጣል ሳይሆን ቀለበቱን ማስፋት ነው። በመኪናው ፊት ያለው ነገር ሁሉ አሁን የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነትና ወዴት አቅጣጫ እንደሚሄድ፣ ከዚያም አልፎ ከጭነት መኪና ጀርባ የተሸሸገ ሕፃን ሊኖር የሚችልበት ይሆናልነት ጭምር በሁኔታው ውስጥ ይገባል። ማርኮቭ ራሱ በጽሑፎቹ አንድ ነገር ከአንድ ቀዳሚው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሁለትና ከዚያም ከሚበዙ ቀዳሚዎቹ ጋር የሚያያዝበትን ሰንሰለት መርምሮ ነበር። ፊደል ሲቆጥርም ሦስት ፊደላት በተከታታይ ተነባቢ ወይም አናባቢ የሆኑባቸውን ስፍራዎች ለይቶ ቆጥሯቸዋል።